አረንጓዴ የሚለምን አውቶቡስ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን የሚጀምረው ለንደን ላይ ነው፤ ከአንድ መስቀለኛ መንገድ 80 ሜትር ያህል ወዲህ።

አንድ ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ወደ ትራፊክ መብራቱ እየተጠጋ ነው እንበል። ሾፌሩ ከፊቱ አረንጓዴ ይታየዋል። ችግሩ አረንጓዴው ከበራ ቆይቷል፤ ሊጠፋ የቀረው 4 ሰከንድ ብቻ ነው። አውቶቡሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢበር እንኳ እዚያ ለመድረስ 10 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። እንዲህ ከሆነ አያልፍም ማለት ነው። ቀይ ይይዘውና አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይገትረዋል።

ግን አውቶቡሱ አስፋልቱ ላይ በዓይን የማትታይ አንዲት ነጥብ ሲያልፍ፣ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ለመስቀለኛ መንገዱ አጭር የሬዲዮ መልእክት ይልካል። መልእክቱን በሰው ቋንቋ ብናስቀምጠው «እኔ የዚህ መስመር አውቶቡስ ነኝ፤ ዘግይቻለሁ፤ መጣሁ» ይመስላል። መንገድ ዳር የቆመው የመብራት መቆጣጠሪያ ሳጥን መልእክቱን ተቀብሎ አረንጓዴውን 6 ወይም 7 ሰከንድ ያቆየዋል። አውቶቡሱ አለፈ። ሾፌሩ የነካው ነገር የለም፤ የሚጫነው ቁልፍም አልተሰጠውም። ላይኛው ፎቅ ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪማ ዕድል ቀንቶን ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ይህ አሠራር በብዙ አገር «በሳተላይት ለአውቶቡስ ቅድሚያ መስጠት» እየተባለ ይነገራል። አነጋገሩ ትንሽ ያሳስታል። ሳተላይት መብራት አይቀይርም፤ ያ አውቶቡስ በዓለም ላይ መኖሩንም አያውቅም። የሳተላይቱ ድርሻ አውቶቡሱ የት እንደቆመ ራሱ አውቶቡሱ እንዲያውቅ መርዳት ነው። ቅድሚያ የምትሰጠው ከተማዋ ናት። ለየትኛው አውቶቡስ፣ ምን ያህል ሲዘገይ፣ ማንን አስጠብቃ የሚለውን የምትወስነው እሷ ነች። ዛሬ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ እናያለን።

መጀመሪያ «የት ነኝ?» ከሚለው እንነሳ።

ገጠር ያደገ አድማጫችን ይህን ያውቀዋል፤ መብረቁ ብልጭ ሲል አይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ የሚቆጥር ሰው፣ ዝናቡ ምን ያህል እንደራቀ መገመት ይችላል። በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሳተላይት ቦታን የሚያሳውቀው ጂፒኤስም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በድምፅ ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ ይጠቀማል። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩ 30 ገደማ ሳተላይቶች አሉ። እያንዳንዱ ሳያቋርጥ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱ ይህ ነው» ይላል። አውቶቡሱ ጣራ ላይ ያለው አንቴና ይህን ይሰማና ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጣል። ከሦስት ሳተላይቶች ያለውን ርቀት ካወቀ ቦታውን ማስላት ይችላል። አራተኛው የሚያስፈልገው የተቀባዩ ሰዓት ርካሽ ስለሆነና እሱን ማረም ስላለበት ነው።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ሰዓቱ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሳሳት ቦታው በ300 ሜትር ይሳታል። ሳተላይቶቹ የአቶሚክ ሰዓት የሚሸከሙትም ለዚሁ ነው።

ጂፒኤስን የሠራው የአሜሪካ ጦር ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1983 የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ሶቪየት ኅብረት አየር ክልል ገብቶ ተመቶ ሲወድቅ 269 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን ሲስተሙ ሲጠናቀቅ ሲቪሎችም እንዲገለገሉበት እንደሚፈቀድ ያስታወቁት። ይሁንና ጦሩ ለሲቪል የሚለቀውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ነበር። ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ለመርከብ 100 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል። ለአውቶቡስ ግን አበቃ፤ መብራቱን አልፎ ይሁን ገና ሊደርስ፣ መለየት አይቻልም። በግንቦት 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማደብዘዙ እንዲቀር አዘዙና ስሕተቱ በአንድ ሌሊት ወደ አስር ሜትር አካባቢ ወረደ። አሁን ተመሳሳይ የሳተላይት ሲስተሞች የሆኑት የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም ተጨምረዋል። አስር ሜትር ደግሞ በከተማ ፍጥነት የአንድ ሰከንድ ጉዳይ ነው፤ ለመብራት በቂ ነው።

ለንደን በ1990ዎቹ አውቶቡሶቿን የምትከታተለው መንገድ ዳር በተተከሉ ምልክት አስተላላፊዎች ነበር። ለመብራት ቅድሚያ ደግሞ አስፋልት ሥር የሽቦ ጥቅልል ይቀበርና አውቶቡሱ በላዩ ሲያልፍ ይለየው ነበር። አስፋልት መቆፈር ደግሞ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቆፋሪው መጥቶ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። የመንገዱ ሥሪት በተቀየረ ቁጥር ሽቦውም እንደገና ይቀበራል።

ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከተማዋ «አይባስ» የሚባለውን ሲስተም 8,000 በሚያህሉ አውቶቡሶቿ ላይ ገጠመች። ቀጣዩን ፌርማታ በድምፅ የሚናገረውም፣ ፌርማታ ላይ «አውቶቡሱ በ3 ደቂቃ ይደርሳል» የሚለውን የሚመግበውም፣ መብራት የሚለምነውም ይኸው አንድ ኮምፒውተር ነው። የሽቦውን ቦታ የወሰደችው ያቺ ቅድም ያልናት የማትታይ ነጥብ ናት። ነጥቧ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበች አድራሻ ነች እንጂ መንገዱ ላይ ምንም የለም። መሐንዲሱ ነጥቧን 20 ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ቢፈልግ ዶማ አያስፈልገውም፤ አዲሱ መረጃ አውቶቡሶቹ ጋራዥ በገቡበት በዋይፋይ ይጫንላቸዋል። እኔን ከቴክኖሎጂው ሁሉ በጣም የገረመኝ ይህ ነው፤ ሳተላይቱ ሳይሆን መቆፈር መቅረቱ።

ረጃጅም ሕንጻ ባለበት ጎዳና ግን ሳተላይት ብቻውን አይታመንም። የለንደን የንግድ ማዕከል ጠባብና በመስታወት ሕንጻ የታጠረ ነው። ምልክቱ ከግድግዳ ተንጸባርቆ ሲመጣ የተጓዘው መንገድ ይረዝምና ተቀባዩን ሌላ መንገድ ላይ ያለ ያስመስለዋል። ስለዚህ አይባስ የጎማውን ዙር ይቆጥራል፣ መታጠፉንም በሌላ መለኪያ ያውቃል፤ በዚያ ላይ አውቶቡሱ የሚሄድበት መስመር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሳተላይቱ ሲጠፋ በእነዚህ ተደግፎ ይቀጥላል።

መልእክቱ ለምን በቀጥታ ለመብራቱ ይላካል? ማዕከል ያለው ኮምፒውተር ለምን አያስተላልፍም? በአይባስ አውቶቡሱ ያለበትን ቦታ ለማዕከሉ የሚያሳውቀው በየ30 ሰከንዱ ገደማ ነው። አውቶቡስ በ30 ሰከንድ 250 ሜትር ሊሄድ ይችላል። ማዕከሉ ሰምቶ እስኪናገር አውቶቡሱ መብራቱን አልፎታል፣ ወይም ቀይ ይዞታል። አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒ ግን ሌላውን መንገድ መርጣለች። አውቶቡሱ ቦታውን ለማዕከል ይነግራል፤ ማዕከሉ መዘግየቱን ካረጋገጠ ስካትስ ለሚባለው የከተማዋ የመብራት መቆጣጠሪያ ሲስተም ጥያቄ ያቀርባል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ምርጫው እንደ ከተማው የመገናኛ መስመር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አውቶቡሱ የት እንዳለ ታወቀ፤ ቀጥሎስ?

አድማጮቻችን፣ አውቶቡስ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ። አውቶቡስ ከመጣ ቆይቷል የሚባልበት መስመር ላይ ትቆማላችሁ፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ በመጨረሻ ይመጣል፣ ሞልቶ፣ በሩ ላይ ሰው ተንጠልጥሎ። ከኋላው ደግሞ ተለጥፎ ሌላ ባዶ አውቶቡስ ይከተላል። ብዙ ሰው ይህን በሾፌሮቹ ስንፍና ያመካኛል። ሾፌሮቹን ባንኮንን ይሻላል፤ ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። በየ8 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ አለ እንበል። አንዱ በሆነ ምክንያት 2 ደቂቃ ዘገየ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ የ8 ሳይሆን የ10 ደቂቃ ሰው ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል። እሱን ሲጭን የበለጠ ይዘገያል። በቀጣዩም እንደዚያው፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆንበታል። ከኋላው ያለው ደግሞ የ6 ደቂቃ ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ቶሎ ጭኖ ይሮጣል። ጥቂት ፌርማታ ሳይሄዱ ይያያዛሉ።

ለሁለቱም እኩል አረንጓዴ ብትሰጧቸው ምን ይሆናል? ሁለቱም ይፈጥናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን እንደተዛባ ይቀራል። መፍትሔው ለዘገየው ብቻ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ነው የቦታ መረጃ ከሽቦ ጥቅልል የሚበልጠው። አስፋልት ሥር የተቀበረው ሽቦ «አውቶቡስ መጣ» ይላል እንጂ ዘግይቶ ይሁን ቀድሞ አያውቅም። ቦታውንና መርሐ ግብሩን አንድ ላይ የያዘ ኮምፒውተር ግን ያውቃል። ለንደን አውቶቡሶቿ በሰዓት አምስትና ከዚያ በላይ በሚመጡባቸው መስመሮች አውቶቡሶቹን የሚያንቀሳቅሱትን ኩባንያዎች የምትመዝነው በመርሐ ግብሩ ደቂቃ ሳይሆን ተሳፋሪው መጠበቅ ከሚገባው በላይ ምን ያህል ደቂቃ ጠበቀ በሚለው ነው። የሚከፈላቸው ጉርሻም ሆነ የሚቆረጥባቸው ገንዘብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ከፊቱ ካለው አውቶቡስ በጣም የራቀው አረንጓዴ ይጠየቅለታል፤ የደረሰበትና የተጠጋው አይጠየቅለትም።

አረንጓዴ የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። አንዱን ቅድም አየነው፣ ማራዘም ነው። አንድ የመብራት ዙር 90 ሰከንድ ቢሆንና አውቶቡሱ ያለበት መንገድ 40ውን ቢያገኝ፣ በአንድ ሰከንድ የተቀደመ አውቶቡስ 50 ሰከንድ ያህል ይቆማል። 6 ሰከንድ በማራዘም 50 ሰከንድ ማትረፍ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ንግድ የለም። ሁለተኛው መንገድ፣ አውቶቡሱ ቀይ ላይ ሲደርስ ተሻጋሪው መንገድ የያዘውን አረንጓዴ ቀድሞ መቁረጥ ነው። ይህ 7 ሰከንድ ወስዶ 7 ሰከንድ ይሰጣል። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ግን ብዙ አውቶቡስ ስለሚጠቀምበት አይናቅም።

ይህ የእሳት አደጋ መኪና እንደሚያደርገው አይደለም። በአንዳንድ ከተሞች የእሳት አደጋ መኪና ሲመጣ መብራቱ የያዘውን ሁሉ ጥሎ መንገዱን ይለቃል። አውቶቡስ ግን ይለምናል እንጂ አያዝም። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ እምቢ ማለት ይችላል። መሻገር የጀመረ እግረኛ ጊዜውን አይነጠቅም፤ ተሻጋሪው መንገድም ዝቅተኛው አረንጓዴ የግድ ይደርሰዋል። በለንደን ብዙ መብራቶችን የሚያስተዳድረው ስኩት የተባለው ሲስተም፣ አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ የተቆረጠበትን መንገድ በቀጣዩ ዙር ይክሳል።

እስካሁን ሁሉም ያማረ ይመስላል። አሁን ደግሞ መሐንዲሶቹን ሲያስመርር ወደኖረው ነገር እንምጣ፤ ከመብራቱ ልክ በፊት ወዳለው ፌርማታ።

አውቶቡሱ ያቺን ነጥብ አለፈ፣ መልእክቱን ላከ። ኮምፒውተሩ በ10 ሰከንድ ይደርሳል ብሎ ገምቷል። መሃል ላይ ግን ፌርማታ አለ። በሩ ተከፈተ። አንዲት እናት የሕፃን ጋሪ ይዛ እየወጣች ነው። አንድ አዛውንት «ይህ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሾፌሩ ይመልሳል። 10 ሰከንድ አለፈ፤ 15፣ 20። መብራቱ አረንጓዴውን እስከሚችለው ድረስ ይዞ ጠበቀ፤ ማንም አላለፈበትም፤ ተሻጋሪው መንገድ ላይ የቆሙት መኪኖች በከንቱ ቆሙ። ልክ አረንጓዴው ሲጠፋ የአውቶቡሱ በር ተዘጋ። ቅድሚያ የተሰጠው አውቶቡስ ከሁሉም የከፋ ዕድል ደረሰው።

ሳተላይት ለዚህ ምንም አይፈይድም። አውቶቡሱ የት እንዳለ በሴንቲ ሜትር ቢታወቅ እንኳ አዛውንቱ ምን ያህል ጥያቄ እንዳላቸው አይታወቅም። ነጥቧን ከፌርማታው በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን ለመብራቱ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚሆን ማራዘም እንጂ ሌላ ነገር ለማድረግ አይደርስም። በኔ አስተያየት ትክክለኛው መፍትሔ ሲሚንቶና ምሰሶ ነው፤ ፌርማታውን ከመብራቱ ማዶ ማዛወር። አውቶቡሱ መጀመሪያ መስቀለኛውን ይሻገርና ከዚያ በኋላ ይቁም። ሌላው መፍትሔ በር ላይ የሚጠፋውን ጊዜ መቀነስ ነው። ለንደን ከሐምሌ 2014 ጀምሮ አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አትቀበልም፤ ተሳፋሪው ካርዱን አስነክቶ ይገባል። ሳንቲም የሚቆጥር ሾፌር ባለበት አውቶቡስ መቼ እንደሚነሳ መገመት ከባድ ነው።

የመብራት ቅድሚያ ብቻውን ተአምር እንደማይሠራ ሎስ አንጀለስም አሳይታለች። በሰኔ 2000 በዊልሸር ጎዳና የጀመረችው ፈጣን አውቶቡስ የጉዞ ጊዜን ከሩብ በላይ ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ የመብራት ቅድሚያው ድርሻ ሲሶ ያህል ነበር፤ የቀረው በአብዛኛው ፌርማታዎችን አራርቆ ከመቆም የተገኘ ነው። ልብ በሉ፣ ያኔ አውቶቡሶቹን ይለይ የነበረው ሳተላይት ሳይሆን አስፋልት ሥር የተቀበረው ሽቦ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ የቦታ መረጃ ብርቅ አይደለም፤ የራይድ አሽከርካሪ ስልክ ላይ ሳይቀር አለ። የሳተላይቱ ምልክት ለማንም በነጻ ይደርሳል። የሚጎድለው ሌላው ነው። አንበሳም ሆነ ሸገር አውቶቡስ ከመብራቱ 300 ሜትር ወዲህ ከሚኒባሱና ከጭነት መኪናው ጋር ተጨናንቆ ከቆመ፣ የሚራዘምለት አረንጓዴ ከፊቱ ላሉት መኪኖች ሲሳይ ይሆናል እንጂ ለእሱ አይደርሰውም። ጠዋትና ማታ ጭንቅንቁ ሲበረታ ደግሞ ትራፊክ ፖሊሱ መስቀለኛው ላይ ቆሞ በእጁ ያስተላልፋል። ያኔ የሳጥኑ ስሌት ዋጋ የለውም። እውነቱን ለመናገር ልምድ ያለው ትራፊክ ሰው የጫነ አውቶቡስ ሲያይ «እለፍ» ብሎ የሚሰጠው ምልክት ያው ቅድሚያ ነው፤ የማያውቀው አውቶቡሱ መዘግየት አለመዘግየቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን ነገር እንጀምር ለሚሉ ባለሙያዎቻችን የምንለው ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ ነው። በቅድሚያ ለአውቶቡስ የተለየ መስመር፣ እሱም በእውነት የሚከበር። ከዚያ ፌርማታዎቹን ከመስቀለኛው ማዶ። ከዚያ ተሳፋሪ የሚያውቀውና ሾፌር የሚጠብቀው መርሐ ግብር፤ «ዘገየ» ለማለት መድረስ የነበረበት ሰዓት መኖር አለበትና። ሳተላይቱ በመጨረሻ ይምጣ። ሲጀመርም በአንድ መስመር ይጀመር፤ ተሳፋሪው ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ይለካ፤ ውጤቱም ጥሩም ሆነ መጥፎ ለሕዝብ ይነገር።

እናንተ ደግሞ በሰፈራችሁ ከመብራት በፊት ተተክሎ አውቶቡሱን በየጉዞው ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ለተሳፋሪ አንዴ ለቀይ መብራት፣ የሚያስቆም ፌርማታ ካለ የቦታውን ስም ጽፋችሁ ላኩልን፤ ለሚመለከታቸው እናደርሳለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)